የድረ ገጽ አበልጻጊ ኩባንያ ምርጫ፦ ከዋጋው በፊት የመለያያው ውል

አዲስ የኦንላይን ንግድ የሚጀምር ሰው ድረ ገጹን የሚሠራለትን ኩባንያ ሲመርጥ ዘወትር የሚያነጻጽረው ዋጋን፣ ቀደም ሲል የተሠሩ ሥራዎችን ውበትና የማስረከቢያ ጊዜን ነው። ሦስቱም ተገቢ መመዘኛዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ግንኙነቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። ንግዱ ከኩባንያው ጋር ቢለያይ ምን ይዞ እንደሚወጣ አያመለክቱም። ምርጫውን ሊወስን የሚገባው ግን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

የዚህ አቋም መነሻ በኢኮኖሚክስ ጥናት የታወቀ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርገው እንዳሳዩት፣ ሻጩ ስለ ጥራት ከገዢው አብልጦ በሚያውቅበት ገበያ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለጥሩው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ጥሩ አቅራቢዎችም ከገበያው ሊወጡ ይችላሉ። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ፊቱ ለሁሉም ይታያል፣ ኮዱ ግን ለባለሙያ ካልሆነ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኦሊቨር ዊሊያምሰን በበኩላቸው፣ ውል ከመፈረሙ በፊት በብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል የሚመርጥ ገዢ፣ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚውል ገንዘብና ጊዜ ካፈሰሰ በኋላ ከአንድ አቅራቢ ጋር ታስሮ እንደሚቀር አስረድተዋል። ስለዚህ የመደራደር ኃይል ያለው ከፊርማ በፊት ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሕጉ ይህን ጉዳይ ፈትቶታል የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል፤ በትእዛዝ ለተሠራ ሥራም፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱን ለአሠሪው ያደርጋል። ይሁን እንጂ በሕግ ባለመብት መሆንና ቁልፉን በእጅ መያዝ የተለያዩ ናቸው። የዶሜይን ስሙ በኩባንያው ስም ከተመዘገበ መዝጋቢው ድርጅት የሚያውቀው ኩባንያውን ነው። የሰርቨሩ የይለፍ ቃል በኩባንያው እጅ ብቻ ካለ ሱቁን መክፈትም መዝጋትም የሚችለው ኩባንያው ነው። ፍርድ ቤት በመጨረሻ ለነጋዴው ቢፈርድ እንኳ፣ ክርክሩ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ የተዘጋ የኦንላይን ሱቅ ደንበኞቹን ያጣል።

በመሆኑም ከዋጋ ድርድር በፊት በጽሑፍ ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። የዶሜይን ስሙ በንግዱ ባለቤት ስም ይመዝገብ። የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት የባለቤቱ ይሁን፤ ኩባንያውም በውክልና ይጠቀም። ከቴሌብር ወይም ከባንክ ጋር የሚገናኘው የክፍያ መቀበያ አካውንት በንግዱ ስም ይከፈት። ሶርስ ኮዱ በየክፍያው ምዕራፍ ይረከብ። የደንበኞችና የትእዛዞች መረጃ በማንኛውም ጊዜ ሌላ ሥርዓት ሊያነበው በሚችል ቅርጽ ይውጣ። የመጨረሻው ነጥብ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይበልጥ ከብዷል፤ የደንበኞች መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ንግዱ በመሆኑ፣ መረጃው የት እንዳለ ሳያውቅ ኃላፊነቱን ሊወጣ አይችልም።

ከኩባንያዎች ወገን ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ቁልፉን ያስረከበ ኩባንያ ቀሪ ክፍያውን በምን ያስከብራል የሚል ነው። ርክክቡ ከክፍያው ምዕራፎች ጋር ከተያያዘ ሁለቱም ወገኖች ይጠበቃሉ፤ የሠራው ይከፈለዋል፣ የከፈለውም ይረከባል። ሁለተኛው፣ የተዘጋጀ ሥርዓት በወርሃዊ ክፍያ የሚያከራይ ኩባንያ ሶርስ ኮዱን ሊሰጥ አይችልም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ኪራይ ለጀማሪ ንግድ ርካሽና ፈጣን መንገድ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ተከራይ ቤቱን ባይወስድም የቤት ዕቃውን ይዞ ይወጣል፤ የዶሜይን ስሙና መረጃው በዚህ ጊዜም የነጋዴው ሊሆኑ ይገባል።

ከሁሉ በላይ፣ ጥያቄው ራሱ ኩባንያዎችን ይለያል። ደንበኛውን በሥራው ጥራት ለማቆየት የሚተማመን ኩባንያ የመለያያ ውል በመፈረሙ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ደንበኛውን በማሰር ለማቆየት ያሰበ ግን ብዙ ያጣል። ስለዚህ ኮድ ማንበብ የማይችል ነጋዴ እንኳ ከሚሰጠው መልስ የኩባንያውን አሳብ ሊገምት ይችላል። ለብዙ ጀማሪዎች የሕግ ባለሙያ መቅጠር ከአቅም በላይ በመሆኑ፣ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ፣ የንግድና የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች በጋራ አጭር የናሙና ውል ቢያዘጋጁ፣ ምርምራቸው ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አልፎ ለገበያው በቀጥታ ይጠቅማል።