ሲቲ ያሸንፋል፣ ቲኬቱ ይበላል

ቅዳሜ ማታ ቤቲንግ ቤቶች ደጃፍ ላይ የማይጠፋ ክርክር አለ። “ቡድኔ አሸንፎ ብሬ እንዴት ይበላል?” ይላል አንዱ ስልኩን እያሳየ። ቲኬቱ ላይ ከቡድኑ ስም አጠገብ “ሃንዲካፕ 0:1” የሚል ተጽፏል። ኦዱን አይቷል፣ ይቺን ግን አላያትም። ወይም አይቷት ምን እንደሆነች የነገረው የለም።

ሃንዲካፕ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሰፈር ውስጥ ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር ሲገጥሙ “ሁለት ጎል ሰጥተናችኋል፣ ጀምሩ” ይሉ የለ? ያው ነው። በፈረስ እሽቅድድምም ጠንካራው ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ እንዲሮጥ ይደረጋል። አወራራጁ ድርጅትም ለደካማው ቡድን በወረቀት ላይ ጎል ይሰጠዋል። ሜዳ ላይ ጨዋታው 0 ለ 0 ይጀመራል፤ እናንተ ቲኬት ላይ ግን ገና ሳይነፋ እየተመራችሁ ነው።

ለምን ይሰጠዋል? ማንቸስተር ሲቲ በሜዳው ደካማ ቡድን ሲያስተናግድ ለተራ ማሸነፍ የሚሰጠው ኦድ 1.15 ቢሆን፣ 100 ብር አስይዞ 15 ብር ለማትረፍ ማን ይሰለፋል? ሃንዲካፕ ሲጨመርበት ግን ያው ጨዋታ 1.90 ሊደርስ ይችላል። ዓይን የሚስበው ይሄ ነው። ብዙ ልጆች ኦዱ ከፍ ሲል ድርጅቱ ቸር የሆነ ይመስላቸዋል። ኦዱ ያደገው የማሸነፍ ዕድላቸው ስለቀነሰ ነው።

አንድ ሁላችሁም የምታውቁትን ጨዋታ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሊጉ የመጨረሻ ቀን ሲቲ በሜዳው ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስን አስተናግዶ አጉዌሮ በባከነ ሰዓት ባገባት ጎል 3 ለ 2 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም በላ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ እንደገና በመጨረሻው ቀን አስቶን ቪላ 2 ለ 0 እየመራው ሦስት ጎል አከታትሎ አግብቶ 3 ለ 2 አሸነፈና ሻምፒዮን ሆነ። ያን ቀን በሲቲ ላይ በሃንዲካፕ የቆረጠ ሰው ምን ያገኝ ነበር? እንደ አቆራረጡ ነው።

0:1 በሚለው 1ን የመረጠ ተበልቷል፤ ለእሱ ጨዋታው 3 ለ 3 አልቋል፣ ያሸነፈው ኤክስ ነው። በኤዥያን ሃንዲካፕ -1 የቆረጠ ደግሞ አልበላም፣ አልተበላምም፤ ብሩ ይመለስለታል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም “አንድ ጎል” ናቸው፤ አንዱ ብር ይበላል፣ አንዱ ይመልሳል። -1.5 ያለው ተበልቷል። -0.75 ያለውስ? እዚህ ላይ ብሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ -0.5 ላይ፣ ግማሹ -1 ላይ ይቀመጣል። 100 ብር በ1.90 ያስያዘ 50ው አሸንፎ 95 ብር ይሆናል፣ ሌላው 50 እንዳለ ይመለሳል፤ በድምሩ 145 ብር። አጉዌሮ ማሊያውን አውልቆ ሲሮጥ ይሄን ሁሉ የሚያሰላ ሰው ካለ ጎበዝ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለአሰልጣኙ 1 ለ 0ም 5 ለ 0ም ያው 3 ነጥብ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ካለበት በ70ኛው ደቂቃ አጥቂውን አስወጥቶ ኳስ ያንሸራሽራል። ቡድኑ ሥራው ሲያልቅለት የእናንተ ገና ነው። ሁለተኛዋን ጎል የምትፈልጉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሒሳቡንም እንየው። ሃንዲካፑ ሁለቱን ቡድኖች አስተካክሎ ጨዋታውን እንደ ዘውድና ጎፈር አደረገው እንበል። ለሁለቱም ወገን 1.90 ተሰጥቷል። እኔ በአንዱ፣ አንተ በሌላው 100 100 ብር ብናስይዝ 200 ብር ይሰበሰባል፤ አሸናፊው 190 ይወስዳል፣ 10 ብሩ ቤቱ ጋ ይቀራል። ማንም ቢያሸንፍ ይቀራል። ስለዚህ ላለመክሰር ብቻ ከ100 ቲኬት 53ቱን ማግኘት አለባችሁ።

ይሄ በነጠላ ጨዋታ ነው። የእኛ ሰው ግን ነጠላ አይወድም፤ አሥር ጨዋታ ይደረድራል። አሥር ባለ 1.90 በ20 ብር ብትቆርጡ ስልኩ 12,260 ብር ገደማ ያሳያችኋል። ያምራል። አሥሩንም የማግኘት ዕድላችሁ ግን ከ1,024 አንድ ነው፤ በትክክለኛ ዋጋ ቢሆን ሊከፈላችሁ የሚገባው 20,480 ብር ነበር። ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ የሚቆርጣት ትንሽ ነገር ስትደራረብ ይህን ታክላለች። ቴሌግራም ላይ “ሹር ሃንዲካፕ” እያለ ቪአይፒ የሚሸጠው ሰውዬም ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። ሹር ከሆነ ለምን ይሸጥላችኋል? ቆርጦ አይበላም?

ውርርድ ይዘጋ የሚል ክርክር ውስጥ ዛሬ አልገባም፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የተማሪ ምሳ ብር ግን ትርጉሟን በማያውቃት ቁጥር መበላት የለበትም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል አንድ ነገር ማስገደድ ይችላል፤ ሃንዲካፕ ያለበት ቲኬት ሁሉ ከመቆረጡ በፊት በአማርኛ አንድ መስመር ያሳይ፦ “ይህ ቲኬት የሚያሸንፈው ቡድኑ በ2 ጎልና ከዚያ በላይ ልዩነት ሲያሸንፍ ብቻ ነው።” በአንድ ጎል ካሸነፈ ብሩ ይመለስ አይመለስም እዚያው ይጻፍ። ቦታ የለም እንዳይሉን፣ የቦነሱ ማስታወቂያ የስክሪኑን ግማሽ ይዟል።