ፈጣን አውቶሞቢልና የገዢው ምርጫ

ኦዲ ኳትሮ እ.ኤ.አ. በ1980 በጄኔቫ ትርኢት ከቀረበ ወዲህ፣ የሞተሩ ኃይል ለአራቱም እግሮች የሚከፋፈልበት ፈጣን አውቶሞቢል በገዢዎች ዘንድ እየተወደደ ሄዷል። መንገድ በዝናብ ሲርስ ሳይንሸራተት ይነሣልና ምክንያታቸው የሚነቀፍ አይደለም። በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳው ግን ክብደቱ ያነሰ፣ የሚጠገነውም ክፍል ጥቂት ነው። ቢ ኤም ደብሊው እ.ኤ.አ. በ2017 ባስተዋወቀው ኤም 5 ሁለቱን አሠራሮች አጣምሮ ምርጫውን ለነጂው መተዉ፣ ክርክሩ ገና አለመዘጋቱን ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ለሕይወት የሚያሰጋው ነገር ሌላ ነው። በአራት እግር መነዳት ለመነሣት እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ ፍሬን ሲያዝ ማናቸውም አውቶሞቢል የሚቆመው በአራቱም ጎማ ነውና። በቀላሉ መነሣቱን አይቶ በቀላሉ የሚቆም የሚመስለው ነጂ ይሳሳታል። ስለዚህ ሻጭ ይህን እውነት ሳይሸሽግ ሊናገር፣ ገዢም አስቀድሞ ለመልካም ጎማ ገንዘብ ሊመድብ ይገባል።