የእጮኝነት ፎቶ፦ የት? መቼ? ከማን ጋር?



የዚህን ወር ርዕስ የሰጠን ከምሥራቅ ወለጋ፣ ከጊዳ አያና የጻፈልን አንድ ወጣት ወንድማችን ነው። ሽማግሌ ልኮ ተፈቅዶለታል፤ ኒካሑ ግን ገና አልታሰረም። እጮኛው «ጓደኞቼ ሁሉ መስክ ወጥተው፣ ከተማ ሄደው ፎቶ ተነስተዋል፤ እኛ ከማን እናንሳለን?» ትለዋለች። አባቷ ደግሞ «ኒካሕ ሳይታሰር ልጄ ከማንም ጋር ዱር ለዱር አትዞርም» ብለው ቆርጠዋል። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ሁለቱ ቤተሰቦች ስለ ድግሱ እንኳን መነጋገር አቁመዋል። «አባቷን ላክብር ወይስ እሷን ላስደስት? ከተፈቀደስ ቦታው የት፣ ወሩስ መቼ ቢሆን ይሻላል?» ሲል ይጠይቀናል።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በፎቶ ሰበብ ሊፈርስ የተቃረበ ጎጆ ካለ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ስለ ቦታውና ስለ ወሩ ከማውራታችን በፊት የአባትን ነገር እንመልከት።

አባት ለምን እምቢ አሉ?

መተጫጨት (ኺጥባ) በሸሪዓ የጋብቻ ቃል እንጂ ጋብቻ አይደለም። ወንዱ ሊያገባት ያሰባትን ሴት እንዲያያት ተፈቅዶለታል። ኒካሕ እስኪታሰር ድረስ ግን ሁለቱ አንዳቸው ለሌላቸው ባዕድ ናቸው። ማህረም በሌለበት ብቻቸውን መሆንም ሆነ እጅ ለእጅ መያያዝ አልተፈቀደላቸውም። የዛሬ ፎቶ አንሺ ደግሞ የሚያዘው ይህንኑ ነው። «ጠጋ በል፣ እጇን ያዝ፣ ግንባርህን ከግንባሯ አገናኝ» ይላል። እንግዲህ አባት «አይሆንም» ቢሉ ምን ያስወቅሳቸዋል?

ሌላም ምክንያት አለ። የእጮኝነት ቃል አንዳንዴ ይፈርሳል፤ ይህ የአላህ ውሳኔ ነውና ማንንም አያሳፍርም። ቃሉ ሲፈርስ የተሰጠውን ስጦታ ሽማግሌ ያስመልሳል። ፎቶውን ግን ማን ያስመልሳል? ቀድሞ ፎቶ በወረቀት ታጥቦ አልበም ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ሰው ሲጣላ ቀዶ ይጥለው ነበር። ዛሬ በቴሌግራምና በፌስቡክ አንዴ ከወጣ በማን ስልክ ላይ እንዳለ አይታወቅም። ነገ ሌላ ሽማግሌ የልጅቷን ደጃፍ ሲረግጥ ያ ፎቶ ቀድሞት ይገኛል። የሚጎዳውም በአብዛኛው የእሷ ስም ነው። አባት ፊት ለፊት ባይናገሩትም የሚፈሩት ይህንን ይመስለናል።

ስለ ፎቶግራፍ ራሱ ዑለማዎች አንድ አቋም የላቸውም፤ የሚከለክሉ አሉ፣ የሚፈቅዱም አሉ። በዚህ ላይ ቤተሰቡ የሚያምንበትን የአካባቢውን ሸህ ይጠይቅ። እኛ የምንናገረው መነሳቱን ለፈቀዱ ቤተሰቦች ነው።

ወንድማችን ሆይ! መፍትሔው ቀኑን ማዛወር ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ኒካሑ የሚታሰረው ከሰርጉ ቀናት ወይም ሳምንታት አስቀድሞ ነው። ፎቶውን በእነዚህ ቀናት ተነሡት። ያን ጊዜ ሚስትህ ናት፤ አባትም የሚያነሱት ሸሪዓዊ መከልከያ አይኖርም። ከኒካሑ በፊት የግድ ማስታወሻ ካስፈለገ ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ ቆመው አንድ ፎቶ ይነሱ፤ ይበቃል።

ወሩን ማን ይመርጠዋል?

ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ሰርጋቸውን ከዒድ አል-ፈጥር በኋላ በሸዋል ወር ያደርጋሉ። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ሸዋል በወቅቶች ሁሉ ይዞራል። በ2008 ዓ.ም. ዒድ አል-ፈጥር የዋለው ሰኔ 29 ቀን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን መጋቢት 21 ቀን ዋለ። ታላቅ ወንድም በጭቃ ያገባበት ሸዋል ለታናሹ በአቧራ መጣለት ማለት ነው። ስለዚህ «ወንድምህ እዚያ ተነስቶ አምሮበት ነበር» ብሎ ያንኑ ቦታ መከተል አያዋጣም። አስቀድሞ ሸዋሉ በየትኛው ወቅት እንደሚውል ማየት ይገባል።

የወለጋ ዝናብ ረጅም ነው፤ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ማብቂያና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። በነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል። በመሆኑም ወቅቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

መስከረምና ጥቅምት። ምድሩ ለምልሞ አደይ አበባ የሚፈነዳበት፣ የኑግ ማሳ ቢጫ የሚለብስበት ጊዜ ነው። ለመስክ ፎቶ ከዚህ የተሻለ ወር የለም። ይሁን እንጂ ኑጉ የገበሬ ልፋት ነውና ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ፤ ቢፈቅድም ዳር ላይ ቁሙ እንጂ አትርገጡት። በአንገር ሸለቆና በአንገር ጉትን በኩል ከሆነ ደግሞ እነዚህ ወራት ወባ የሚበረታባቸው ናቸው። አስተላላፊዋ ትንኝ ከምሽት ጀምሮ ስለምትናደፍ ሳይመሽ ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ኅዳርና ታኅሣሥ። ሰማዩ ይጠራል፤ ጤፍና በቆሎ ይሰበሰባል። ቀይ የቡና ፍሬ ከቅጠሉ መሐል ብቅ ይላል። የወለጋ ቡና በገበያ «ለቀምት» ተብሎ በነቀምቴ ስም ይታወቃል፤ የአገራችሁ መታወቂያ ከጓሮ እያለ ሌላ ጌጥ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል? አውድማና የቡና ጓሮ ለዚህ ወቅት ይስማማሉ።

ጥርና የካቲት። ሣሩ ይደርቃል፣ ቀዩ አቧራ ይነሳል፣ በቆላው ሣር ስለሚቃጠል አየሩ በጭስ ይደፈርሳል። ገላጣ ሜዳ ላይ ነጭ ልብስ ለብሶ መቆም ልብሱን ማበላሸት ነው። ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡ፦ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ወይም ከነቀምቴ ብዙም የማይርቀው የኮምቶ ደን።

መጋቢትና ሚያዝያ። የመጀመሪያው ካፊያ ቡናውን ያነቃዋል፤ ነጭ አበባው ተከፍቶ ጓሮውን በመዓዛ ይሞላዋል። ነገር ግን የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ይህንን ዕድል የሚያገኘው ከሩቅ መጥቶ ቀን የሚቆርጥ ፎቶ አንሺ ሳይሆን በየማለዳው ጓሮውን የሚያይ ገበሬ ነው። አማታችሁን «አበባው መቼ ይፈነዳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከግንቦት እስከ ጳጉሜን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የወለጋ ቀይ አፈር ደግሞ ጨርቅ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ይህ የከተማ ፎቶ ወቅት ነው። ነቀምቴ ውስጥ የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች መኖሪያ የነበረው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት አለ፤ የወለጋ ሙዚየምም አለ። ሁለቱም ቅርሶች ስለሆኑ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ከተማ መሄድ ካልተቻለም በረንዳ ላይ፣ ቡና ተቀራርቦ፣ ከኋላ ዝናቡ እየወረደ መነሳት ይቻላል። ደመና ለፊት ጥሩ ነው፤ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ጥላ አያጠላም። ዝናቡ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱን ተጠቀሙበት።

ሰዓቱን ሶላት ይነግራችኋል

ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚመኘው ብርሃን ፀሐይ ዝቅ ስትል የሚገኘው ነው። እኛ ሙስሊሞች ይህንን ሰዓት በጥላ መለካት እናውቃለን። የዙህር ወቅት ሲገባ ጥላ አጭር ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚነሳ ሰው ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቅበታል። በተለይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በወለጋ ሰማይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የአንድ ነገር ጥላ ከቀትሩ ጥላ በላይ የራሱን ቁመት ያህል ሲረዝም ዐስር ይገባል። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ እየለሰለሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዐስርን ሰግዳችሁ ውጡ፣ መግሪብ ሳይደርስ ጨርሱ። ማለዳ ከሆነም ሱብሒን ሰግዳችሁ ፀሐይዋ እንደወጣች ጀምሩ። «ትንሽ ቆዩ፣ ሰማዩ አሁን ነው ያማረው» ለሚል ፎቶ አንሺ ብላችሁ መግሪብን አታሳልፉ። የትዳር የመጀመሪያ ማስታወሻ ባመለጠ ሶላት አይጀመርም።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ነገሮች

አንደኛ፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጊዳ አያናና በኪረሙ አካባቢ በደረሰው ጥቃትና ግጭት ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከጊዳ አያና ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአገር ሽማግሌ «ዛሬ አትሂዱ» ካሉ አትሂዱ። የትኛውም ፏፏቴና የትኛውም ሕንፃ የሰው ነፍስ አያክልም።

ሁለተኛ፣ ድልድይ፣ ግድብ ወይም ጥበቃ የቆመበት ቦታ ላይ ካሜራ አታውጡ። የመስጊድ ቅጥር ውስጥ መነሳት ከፈለጋችሁም የመስጊዱን ኮሚቴ አስፈቅዱ፤ ሰጋጁንም አታውኩ።

ሦስተኛ፣ ከተቻለ ፎቶ አንሺዋ ሴት ትሁን። ካልተገኘች የሙሽራዋ እህት በስልክ ብታነሳውም ምንም አይጎድለውም። ለፎቶ ቤት ከሰጣችሁ ግን «ያለ ፈቃዳችን ለማስታወቂያ አትለጥፉትም» የሚለውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

አራተኛ፣ ቅጂ አስቀምጡ። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው አልበም ይዞ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። አንዱ ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

እንግዲህ ከማን ጋር?

ወለጋ ውስጥ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። እዚያው ተወልደው ያደጉ የኦሮሞ ሙስሊሞችም አሉ። በብዙዎቹ ቤት የአያት ፎቶ የለም። ልጆቹ «አያታችን ምን ይመስሉ ነበር?» ሲሉ የሚታያቸው ነገር የለም። ዛሬ ሁለት ሙሽሮች ብቻቸውን ሐይቅ ዳር ሲቆሙ አያት እቤት ተቀምጠው ይቀራሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ልጆቻችሁ የሚፈልጉት የሐይቁን ፎቶ አይሆንም፤ የአያታቸውን ነው።

ስለሆነም ወንድማችን፣ ምክራችን ይህ ነው። ሽማግሌ አስከትለህ ወደ እጮኛህ አባት ሂድና «አባቴ፣ ልክ ነዎት፤ ፎቶው ከኒካሑ በኋላ ይሁን። ቦታውን ግን እርስዎ ይምረጡልን፤ እርስዎም አብረውን ይቁሙ» በላቸው። ምናልባት በእጃቸው የተከሉትን ቡና ወይም በልጅነታቸው ከብት ያገዱበትን መስክ ያሳዩህ ይሆናል። ለእጮኛህም «ከጓደኞችሽ አናንስም፤ እኛ የምንነሳው በአባትሽ ምድር ላይ ነው» በላት። በዚህ መንገድ እሷም ትደሰታለች፣ አባቷም ይከበራሉ፤ የተቋረጠው የድግሱ ወሬም ኢንሻአላህ ይቀጥላል።

አላህ ጎጇችሁን የሰላምና የበረካ ያድርግላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።