ካርቶኑ ላይ ያለው 600

የላፕቶፔ ዋይፋይ ከተበላሸ ሰነባብቷል። ሰሞኑን ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን ትንሽ የዋይፋይ አዳፕተር ልገዛ መርካቶ ወጣሁ። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ካርቶን ላይ 150፣ ሌላው ላይ 600 ይላል። «ወንድሜ፣ ይሄኛው አራት እጥፍ ይፈጥናል» አለኝ ሻጩ። ዋጋውም እጥፍ ነው። ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ስሰካው ግን ፊልም የሚወርደው በሰከንድ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያው እንደ ድሮው!

ዕቃው አልተበላሸም። ቁጥሩን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

600 የሚለው የሁለት ፍጥነቶች ድምር ነው፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 150፣ በ5 ጊጋኸርዝ 433፤ ሲደመር 583፣ ሲጠጋጋ 600። አዳፕተሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንዱ ሞገድ ብቻ ነው። የእኛ ቤት ራውተር ደግሞ 5 ጊጋኸርዝ የለውም። ስለዚህ እጥፍ ከፍዬ የገዛሁት ያንኑ 150 ነው። እሱም ቢሆን የወረቀት ጣሪያ ነው፤ ግድግዳው፣ ርቀቱና የጎረቤት ዋይፋይ ሲቀናንሱለት ብዙ ጊዜ ግማሹም አይገኝም።

ሌላው ወጥመድ መለኪያው ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሜጋቢት ነው፤ ፋይል ስናወርድ የምናየው ሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ቤታችን የገባው መስመር 10 ሜጋቢት ስለሆነ ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው የሚሰጠኝ። የቧንቧው ውሃ ቀጭን ከሆነ ሰፊ ባልዲ መግዛት ምን ይጠቅማል?

ባለ 600ው ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ማለቴ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የሁሉም ጎረቤት ዋይፋይ 2.4 ላይ ሲጨናነቅ፣ 5 ጊጋኸርዝ እፎይታ ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ደካማ ቢሆንም። ግን ራውተራችሁም 5 ሊኖረው ይገባል።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ሲጽፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገበያው ራሱ እንደሚበላሽ አሳይቶ ነበር። በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የእኛ ገበያ ግን ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቅም። የነገረኝን አምኖበት ነው የነገረኝ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሱቆች መደርደሪያቸው ላይ አንድ መስመር አማርኛ ይጻፉ፦ «በ2.4 ይህን ያህል፣ በ5 ይህን ያህል ሜጋቢት።» እኛም ከመግዛታችን በፊት ስልካችንን እንይ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ገብታችሁ የተያያዛችሁበትን ዋይፋይ ስትነኩት ሞገዱን ይነግራችኋል። ከዚያ የቤታችሁ መስመር ስንት ሜጋቢት እንደሆነ ጠይቁ።

እኔ እጥፍ ከፍዬ ተምሬዋለሁ። እናንተ በነጻ ውሰዱት።