ለሞተሩ ያሰብን ለሳንባችንም እናስብ



ባለፈው በጋ ከሰፈራችን መኪናዎች በአንዷ ወደ ሐረር ስንሄድ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼ ነፋስ ነው ወይስ አቧራ የምትነፋብን?» ሲሉ ሾፌሩን ጠየቁት። እሱም «እማማ፣ መኪናዋ አርጅታ ነው» ብሎ አለፈው። በማግስቱ ከዚሁ ሾፌር ጋር ሆነን የዳሽቦርዱን መሳቢያ አውርደን አየን። ከውስጥ የወጣው ፊልትሮ ነጭነቱ ጠፍቶ የጓሯችንን አፈር መስሏል። በእጥፋቶቹ መካከል ደረቅ ቅጠልና አይጥ ያስገባችው የለውዝ ገለባ ሳይቀር ነበረበት። ለካ መኪናዋ አላረጀችም፤ ፊልትሮዋ ነው የተረሳው!

እንደሚታወቀው በአሁኖቹ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት የአየር ፊልትሮ አለ። አንደኛው ከኮፈኑ ሥር ያለው፣ ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ ሲደፈን ሞተሩ ጉልበት ያጣልና በጊዜው ይለወጣል። ሁለተኛው ግን እኛ የምንተነፍስበት ነው። ከውጭ ወደ መቀመጫው ክፍል የሚገባውን አየር የሚያጣራው ይኸው ነው። ይህኛው ሲደፈን መኪናው አይቆምም። የሚያስለው ሰው ነው፤ ሰው ሲያስል ደግሞ «ጉንፋን ነው» ተብሎ ይታለፋል። መኪናችንን በየሳምንቱ ከውጭ አጥበን እያብለጨለጭን ውስጧን መርሳታችን «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» እንደሚባለው ነው።

ነገሩ በእኛ በባቢሌዎች ዘንድ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚያልፈው ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ ከእሱ ወጣ ስንል የሚቀበለን ለለውዝ የተስማማው አሸዋማ አፈራችን ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ዝናቡ ሲርቅ አንድ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ሰፈሩ ይሸፈናል። የለውዝ መፈልፈያው ገለባም አለ። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ አፍንጫን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የዚህ የደቃቁ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። አስም ላለባቸው ልጆችና ለአዛውንቶቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ነው ፊልትሮው ሁሉን አያስቀርም፤ ተራው ዓይነት ትልልቁን አቧራ በብዛት፣ ደቃቁን በከፊል ይይዛል። ሽታ የሚቀንሰው ከሰል ያለበት ዓይነት ነው። ቢሆንም ጥቂት ማጣራት ጨርሶ ካለማጣራት ይሻላል።

«ጋራዥ መሄድ ያስፈልጋል» የሚል ካለ ተሳስቷል። ቪትዝ እያልን በምንጠራት ያሪስና በብዙዎቹ አዳዲስ ኮሮላዎች ላይ ሥራው ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ሞተሩን ማጥፋት፤ መሳቢያውን ባዶ ማድረግ፤ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ማላቀቅ፤ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ጫን አድርጎ ወደ ታች ማውረድ። ከኋላ ያለውን ጠባብ ክዳን ሲከፍቱ ፊልትሮው ይገኛል። አቧራው እንዳይራገፍ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ አዲሱን ማስገባት። በዳሩ ላይ ያለው ቀስት አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያመለክታልና አሮጌው እንዴት እንደተቀመጠ አስቀድሞ ማየት ነው። በሌሎች መኪናዎች ቦታው ሊለይ ይችላል፤ አንዳንዱም ካቻቢቴ ይፈልጋል። እንደ ድሮዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ያሉት ደግሞ ጭራሹኑ ይህ ፊልትሮ የላቸውም፤ ባጃጅማ በሩም ክፍት ነው።

ሁለት ስሕተት ግን በሰፈራችን ተለምዷል። አንደኛው ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት ነው። ኃይለኛው አየር ጭረቱን እየበሳ ያሳሳዋል፤ ሲያዩት የጸዳ ይመስላል እንጂ አቧራውን ያሳልፋል። በውኃ ማጠብም እንዲሁ ያበላሸዋል። ሁለተኛውና የባሰው «ነፋሱ ይጨምርልኝ» ብሎ ፊልትሮውን አውጥቶ መጣል ነው። ኧረ ተዉ! ያን ጊዜ አቧራው በቀጥታ ወደ ማራገቢያውና ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል፣ በእርጥበቱ ላይ ጭቃ ሆኖ ይጋገራል፣ ይሸታልም። ያንን ማስፈታት ከፊልትሮ ዋጋ እጅግ የበለጠ ያስወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

ብዙ አምራቾች ይህ ፊልትሮ በዓመት አንዴ ወይም ከ15,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲለወጥ፣ አቧራ በበዛበት ቦታ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንዲታይ ይመክራሉ። እኛ ያለነው አቧራ በበዛበት ነው። ስለሆነም በጋው ሲገባና ሲወጣ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አውጥቶ ማየት ይገባል እንላለን። «የኤሌክትሪክ መኪና ስንገዛ ከዚህ ሁሉ እንገላገላለን» የሚሉም አሉ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ መበራከታቸው እውነት ነው። በእነሱ ላይ የሞተር ዘይትና የሞተር ፊልትሮ የለም፤ የሰው ፊልትሮ ግን አለ። ሞተሩ ቢቀርም ሳንባችን አልቀረም!

በተለይም ሕዝብ የምታመላልሱ ወንድሞቻችን ልታስቡበት ይገባል። የግል መኪና ያለው ሰው የሚተነፍሰው የራሱን ቸልተኝነት ነው። ተሳፋሪው ግን ሒሳብ ከፍሎ የሌላውን ቸልተኝነት እየተነፈሰ ነው፤ ይህ አግባብ አይደለም። ፊልትሮ በከተማችን እንደ ልብ ካልተገኘ፣ ሦስት አራት ሆኖ ገንዘብ አዋጥቶ ከድሬዳዋ ወይም ከጅጅጋ ማስመጣት ይቻላል። መሳቢያውን ማውረድ የሚከብደው ካለ ደግሞ እሑድ ጧት ጎረቤቱን ይጥራ፤ እኛም ባለንበት እንረዳዳለን።

ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ መሳቢያዋን አውርዳችሁ እዩ። ያን ፊልትሮ አንዴ ያየ ሰው ልጁን አሳፍሮ እንዲሁ ይሄዳል ብለን አናምንም።