ሽለላውን ወደዳችሁ፣ ሸላዩን ረሳችሁ!

ሸዋ ሮቢት ሲባል አዲስ አበቤው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ምንድን ነው? ወህኒ ቤቱ! “እገሌ ሸዋ ሮቢት ወረደ” ከተባለ ሰውዬው ማንጎ ሊገዛ ሄደ ማለት አይደለም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ለሚወርድ መንገደኛም ቆላው ይፋት የሙቀትና የማሾ አገር ብቻ ነው። እኔ ግን ይህን ስም በዝምታ አልቀበልም።

ለመሆኑ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ የት ተወለደ? ይፋት ነዋ! በ1927 ዓ.ም.። ክራርና መሲንቆ ሲነካካ አድጎ በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገባ። ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ያሁኑ ብሔራዊ)፣ ከዚያም ፖሊስ ኦርኬስትራ። ይሄ ሰው ያደረገው ነገር ቀላል አይደለም። ሽለላን ከሸላዩ ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። ጎፈር ደፍቶ፣ ቆዳ ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣና ይነፋል። ግጥም የለ፣ ቃል የለ፤ የሰማ ሁሉ ግን ፀጉሩ ይቆማል። ፈረንጆች ኋላ ሲሰሙት ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር አመሳሰሉት። የሱ መነሻ ግን የአገሩ ፉከራ ነበር።

ታዲያ ማን አከበረው? እ.ኤ.አ. በ2003 “ኢትዮፒክስ” በተባለው የፈረንሳዮች የሸክላ ስብስብ 14ኛው ቅጽ ሙሉውን ለሱ ተሰጠ። “ዘ ኤክስ” የሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች አምስተርዳም ድረስ ጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 “ሞአ አንበሳ”ን አብረውት አወጡ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በፈረንጅ ጎረምሶች መሀል ቆሞ ሸለለ! በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፈ።

እኛስ? እኔ ባለፍኩባቸው የይፋት ከተሞች ስሙ የተጻፈበት አንዲት ሰሌዳ አላየሁም። አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ነገሩን ባነሳ፣ ባለወንበሩ “ዘፋኝ ነው? ካድሬ ነበር?” አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ደግሞ አንገበገበኝ።

በሽታው የይፋት ብቻ አይደለም። በጥር 1954 ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ደርግን ሸሽቶ ጣልያን ገባ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። የኃይሌ ገሪማ “ጤዛ”ም ሽልማቱን የለቀመው ቬኒስና ዋጋዱጉ ነው። የኛ ሰው ካልሞተ ወይ ፈረንጅ ካላጨበጨበለት አይታየንም ማለት ነው?

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን ሽለላ ነበር። ወጣቱን ለማዝመት ሲሆን ሽለላ አይጠፋችሁም! የሽለላው ሊቅ የተወለደበትን አገር ለማስታወስ ሲሆን ግን “በጀት የለም”።

ሐውልት አቁሙ አላልኩም፤ ሐውልትን የሚያከብረው እርግብ ነው። አንዲት ክፍል፣ ጥቂት መሲንቆና ክራር፣ ከተገኘም አንድ አሮጌ ሳክስፎን፣ የሰውዬው ሙዚቃ በቴፕ። የቆላው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ገብቶ ይንፋ! ለበሩ ሰሌዳ የሚጻፈውም ረጅም አይደለም፦ ጌታቸው መኩሪያ፣ ሳክስፎን ተጫዋች፣ ይፋት። ፊደሉን ብቻ እንዳትሳሳቱ።