ሽንት ቤት ልሂድ የሚለውን ልጅ

በእኔ ክፍለ ጊዜ ሽንት ቤት ለመሄድ ሁለቴ ያስፈቀደ ተማሪ ከቁጣ አያመልጥም ነበር። ደነባ ላይ ሒሳብ ሳስተምር ዓመታት ቆጥሬአለሁና ሰበብ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ለካ የገዛ ልጄም በሌላ መምህር ፊት እጇን እያወጣች ስትከለከል ሰንብታለች።

ቤትም ምልክቱ ሞልቶ ነበር። ሌሊት እየተነሳች ውሃ ትጠጣለች። በ9 ዓመቷ መኝታዋን ማራስ ጀመረች፤ እናቷ "በርዷት ነው" አለች፤ የደነባን ብርድ ለሚያውቅ ደግሞ ያሳምናል። ቀሚሷ ሲሰፋት "ቁመት እየጣለች ነው" አልን። ሲያስመልሳትና ትንፋሿ ሲከብድ ነው ይዘናት ወደ ደብረ ብርሃን የሮጥነው።

ስኳር ነው ሲሉን ባለቤቴ "እኛ ቤት ስኳር የሚገባው እኮ ለእንግዳ ነው!" ብላ ተከራከረች። "የሀብታም በሽታ" የሚሉት ስም ያመጣው ጣጣ ነው። የልጆቹ ስኳር ከጣፋጭ ጋር አይገናኝም፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። በ1914 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ እስኪወጋ ድረስ እንዲህ ያለ ሕፃን ዕድሜው አጭር ነበር። እሱ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ማቀዝቀዣ የለንም። የልጄን ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በያዘ ገንቦ ውስጥ፣ ከትንሽ ማሰሮ ከትተን እናስቀምጣለን። ብርዳችን ለዚህስ ጠቀመን! ብቻ ውርጭ ሲወርድ ደጅ አናሳድረውም፤ የበረደ ኢንሱሊን ጥሩ ነው፣ በረዶ የሠራ ግን ይደፋል።

መርፌውን ልጄ ከእኛ ቀድማ ለመደችው። ያቃተን ሰው ነው። ባለቤቴ "ነገ ማን ያገባታል?" ብላ ለጎረቤት እንዳይነገር አስማለችኝ፤ እኔም ለትምህርት ቤቱ ሳልናገር ቀረሁ። አንድ ቀን ስኳሯ ወርዶ እጇ እየተንቀጠቀጠ ከረሜላ ስትፈታ መምህሯ "በክፍል አይበላም" ብሎ ወሰደባት። ራሷን ስታ ወደቀች። በመምህሩ አልፈርድም፤ ከየት ይወቀው? የደበቅነው እኛ ነን። አሁን የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ያውቃሉ፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ኪሷ ውስጥ ከረሜላ ይዛ ትመጣለች። ባለቤቴ ግን ስለ ጋብቻው አሁንም ትሰጋለች።

ባልደረቦቼ፣ ውሃ ጠጥቶ የማይረካ፣ ሽንት ቤት የሚመላለስና የከሳ ልጅ ካያችሁ ወላጁን በዚያው ቀን አስጠሩ። ጣት ተወግቶ የሚታየው ምርመራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።